ወንበር እምቢ ያሉት ሽማግሎች

መብራቱ ሄደ አይደል? ይሂድ። ሻማውንም ተዉት፣ ለዚህ ወሬ ጨለማ ይሻላል። ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ግን ክፍት አድርጉት፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትሰሙታላችሁ። አያ ሙሉነህ፣ አንተ እዚህ ፊት ለፊቴ ና። የደረሰች ሴት ልጅ ያለችው ሰው ይህን ታሪክ ከሩቅ ሆኖ አይሰማም።

ሰዓቱ ሊመሽ ሲል ነበር። ለዓይን ያዝ አድርጓል፣ ጉም ወርዷል። አገሩ ጀርመን ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የድሮ ከተማ ናት፣ ስሟን አልነግራችሁም፤ ሄዳችሁ ሰዎቹን ታስቸግራላችሁ። ባቡር ጣቢያው ከከተማዋ ውጭ ነው። ከጣቢያው እስከ ከተማዋ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፣ ግራና ቀኙ አሮጌ ግንብ ነው። ሰው የሚባል የለበትም። የለበትም አልኳችሁ? አንድ ሰው ነበረበት።

መጀመሪያ ግን የእኛን ሰው ልንገራችሁ። አንዳርጌ ይባላል፤ የደብረ ታቦር ሰው፣ አብሮ አደጌ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አስተማሪ ነበር። ግን በአስተማሪነቱ አይደለም የሚታወቀው፤ በሽምግልናው ነው። በአገሩ ሴት ልጅ ልትጠየቅ ከሆነ አንዳርጌ ይጠራል። አርባ አንድ ጊዜ ለሰው ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ሄዷል። አርባ አንድ ጊዜ በሰው ደጅ ቆሟል። አርባ አንዱም ተጋብተዋል።

ታዲያ ይህ ሰው ጀርመን ምን ሊሠራ ሄደ? ልጁ ሐመልማል እዚያ ነርስ ናት። ዮናስ የሚባል የዚያ አገር ልጅ ወዳለች። ልጁ ከእናቱ ጋር ዘጠኝ ክፍል ያላት የቤተሰብ ሆቴል ያስተዳድራል፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣች ሆቴል። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። አንዳርጌ የደረሰው ማክሰኞ ነው። ልጁ በመጨረሻው ባቡር ና ብትለው፣ ችኩል አይደል፣ ቀድሞ በተነሣው መጣ። ስለዚህ ጣቢያው ላይ የሚቀበለው አጣ። ስልኩም ሞቶበታል። ሻንጣውን እየጎተተ ብቻውን በዚያ መንገድ ገባ።

የሻንጣው ጎማ በድንጋዩ ላይ ገረገረገር ይላል። ሌላ ድምፅ የለም። ቀና ሲል ከፊቱ አንድ ሰው ይሄዳል። ረዥም ነው፣ ካፖርት ለብሷል፣ ኮፍያ አድርጓል። አንዳርጌ «ጌታዬ!» አለ። ሰውየው አልዞረም። አንዳርጌ ፈጠን አለ፤ ሰውየው አልቀረበም። አንዳርጌ ቆመ፤ ሰውየውም ቆመ። መንገዱ ሲታጠፍ ሰውየው ኮፍያውን ብድግ አደረገና በዚህ በኩል እንደ ማለት ታጠፈ። ሰማችሁ? የአንዳርጌ ሻንጣ ገረገረገር ይላል። የዚያ ሰው ጫማ ግን ድምፅ አልነበረውም።

እንዲህ እያለ አንድ አሮጌ ቤት ደጅ አደረሰው። ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው፣ ሦስት ፎቅ ነው፣ ወደ መንገዱ ጎንበስ ብሏል። ሰውየው ኮፍያውን አንዴ ብድግ አደረገና ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ሳይከፈት። አንዳርጌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጉሙ ነው» አለ። እናንተም ብትሆኑ ጉሙ ነው ነበር የምትሉት። ቀና ብሎ ሰሌዳውን ሲያይ ልጁ በወረቀት ጽፋ የሰጠችው የሆቴሉ ስም ነው። ደወለ።

የከፈተችለት የዮናስ እናት ወይዘሮ ሄልጋ ናት። ሽርጥ ታጥቃለች። በዚያች ሆቴል እንግዳ ተቀባይዋ እሷ፣ ወጥ ሠሪዋ እሷ፣ አንሶላ አንጣፊዋ እሷ። ዮናስ ከጓዳ እየሮጠ ወጣና ሁለት እጁን አጣምሮ «ጤና ይስጥልኝ፣ አባባ» አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያጠናት ናት። ሻንጣውን ተሸክሞ ሮጠ። ሐመልማል ከጣቢያ ስትመለስ አባቷ እራት ቀርቦለት አገኘችው፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች።

አያችሁ፣ ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር። ሾርባው ጥሩ ነው። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። አንዳርጌ ግን እራቱን ሳይጨርስ ሰሃኑን ገፋ።

«ሐመልማል» አለ፣ «ልጁ ደግ ነው። እናቱም ደግ ናት። ግን እኔ አልመርቅም።»

«አባዬ፣ አሁንም?»

«አሁንም። አርባ አንድ ሰው ደጅ ቆሜያለሁ። በእኔ ደጅ አንድ ሽማግሌ አልቆመም። ልጄን የጠየቀኝ ስልክ ነው። ቪዲዮ ነው።»

«ከፍራንክፈርት የእኛን ሰዎች ላምጣልህ ብዬህ አልነበረም?»

«የተዋስሽውን ሽማግሌ ምን አደርገዋለሁ? የልጁ ወገን ይምጣ። ኮፍያውን አውልቆ ይቁም። ልጅህን ለልጄ ይበለኝ። ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

«ዮናስ ወገን የለውም! አባቱ የሞተው የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። አያቱም የሉም። እናቱና እሱ ብቻ ናቸው» አለች። ቀጥላም «አንተ ካልመረቅኸኝ አላገባም፤ ይህንንም እወቀው» አለች። በግትርነት ማንን መሰለች መሰላችሁ?

ሁለቱም አኩርፈው ተለያዩ። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተባለው ደረጃው ሥር ባለችው ጠረጴዛ ነው። በደረጃው ግድግዳ ላይ ደግሞ የዚያ ቤት ሙታን ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል። ይህን ያዙልኝ።

የአንዳርጌ ክፍል ላይኛው ፎቅ ነው፣ ሰባት ቁጥር። ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እንቅልፍ እምቢ አለው። ደረጃው ጢጥ አለ። ቤቱ አሮጌ ነው አለ። ደግሞ ጢጥ አለ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት። እርምጃው መጣ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

እናንተ ትከፍቱ ነበር? አንቺ አትከፍቺም፣ አውቅሻለሁ። አንዳርጌ ግን በር ሲንኳኳ ዝም ማለት ያልለመደ ሰው ነው። ከፈተ።

ያ የመንገዱ ሰው ነው። ኮፍያውን አሁን አውልቆ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። ከኮፍያው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ከኋላው ያለው ግድግዳ በሰውነቱ ውስጥ በትንሹ ይታያል። አንዳርጌ በሩን መልሶ ሊዘጋው ነበር። ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ አይደል? «ይ... ይግቡ» አለ። ሰውየው ገባ። «ይቀመጡ» አለና ወንበር ሳበ። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። አልተቀመጠም። «ኧረ በእግዜር ይቀመጡ!» አለ። ሰውየው አሁንም ራሱን ነቀነቀ፤ አቀርቅሮ ቆመ። አንዳርጌ ከዚህ በላይ አልቻለም፤ አልጋው ላይ ወጥቶ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናነበና የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመ። ሲነጋ ሰው የለም። ሰውየው የቆመበት ጣውላ ላይ ግን ክብ ሆኖ ውኃ ተኝቷል።

ጠዋት ለቁርስ ሲወርድ ደረጃው መሀል ላይ ደንግጦ ቆመ። ያው ሰውዬ በፎቶ ሆኖ ከግድግዳው ላይ ያየዋል። ኮፍያውም ያው ነው። ወይዘሮ ሄልጋን ጠራ፣ ሐመልማል አስተረጎመች።

«እሳቸው የዮናስ አያት፣ የባለቤቴ አባት ኮንራድ ናቸው» አለች ወይዘሮ ሄልጋ። «ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው። እንግዳ ሲመጣ ራሳቸው ጣቢያ ድረስ ሄደው ነበር የሚቀበሉት። አንድ ቀን በዝናብ ወጥተው ታመሙ፣ በዚያው ሄዱ። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲሁ ነው። መልካቸው ደስ ብሎኝ» አለ አንዳርጌ።

ቁርስ ቀረበ። እዚያ ቤት እንቁላል ተቀቅሎ በሱፍ የተሠራች ኮፍያ ተደርጎለት ነው የሚቀርበው፣ እንዳይበርደው። አንዳርጌ የእንቁላሏን ኮፍያ ሲያወልቅ እጁ ቆመ። ኮፍያውን ያወለቀ ሰው። በር ላይ የሚቆም ሰው። ወንበር ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው። ይህ ምንድን ነው? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፤ ወንበር ሲሰጡት የመጣሁበት ሳይፈጸም አልቀመጥም የሚል ሰው ማነው?

ሽማግሌ! አሁንማ አወቃችሁ። አርባ አንድ ጊዜ ሽማግሌ የሆነ ሰው ግን ሽማግሌ ሲመጣበት አላወቀም፤ ጋቢ ተከናንቦ ተኛበት። አፈረ። እጅግ አፈረ። ግን ደግሞ አንዳርጌ አንዳርጌ ነው። ከቁርስ ሲመለስ ፎቶው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምጣትዎ ደግ ነው፣ አክብረውኛል» አለ ባማርኛ። «ግን ሽማግሌ አንድ ሰው ሆኖ አይመጣም። በኛ ደንብ ሦስት ነው።»

ሐመልማል ከኋላው መጥታ «አባዬ፣ ከፎቶ ጋር ነው የምታወራው?» አለች።

«የአገሩን አየር እየሳብኩ ነው» አላት።

የረቡዕ ማታ ደረጃው ጢጥ አለ። የአንድ ሰው እርምጃ አልነበረም። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንዳርጌ ከፈተ። ሦስት ናቸው። ከፊት ኮንራድ። ከጎኑ አጭር፣ ወፍራም፣ ጢሙ እስከ ጆሮው የሚደርስ፣ ክንዱ ላይ ዱቄት ያለበት ሽማግሌ፤ ሆቴሏን የሠራት የዮናስ ቅድመ አያት፣ ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ ፎቶው ደረጃው ላይ አለ፣ ክፍሉን በትኩስ ዳቦ ሽታ ሞላው። ከኋላ አንድ ወጣት። አቀርቅሯል። ጆሮው የዮናስ ጆሮ ነው። አንዳርጌ የልጁ አባት መሆኑን አወቀ። በደንቡ አባት ለልጁ ሽማግሌ ሆኖ አይመጣም። ግን ከመቃብር ለመጣ አባት ደንብ እንዴት ይጠቀሳል?

«ቁጭ በሉ» አላቸው። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን አንዳርጌ አልፈራም። ደስ አለው! እስቲ አስቡት፣ ለርሱም ተቆመለት። ታዲያ ደስ ሲለው ጊዜ ነገሩን ሁሉ በደንቡ ሊያደርገው ፈለገ። በደንቡ የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ኮራ ብሎ «ሰምቻለሁ። እንመካከርበትና ተመልሳችሁ ኑ» አላቸው።

ሦስቱ ተያዩ። ኮንራድ ኮፍያውን አደረገ። ወጡ። ወጣቱ ከበሩ አንዴ ዞሮ አየው፤ ያ ዓይን አንዳርጌን እስከ ዛሬ ይታየዋል።

ሐሙስ ማታ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጠበቀ። ደረጃው ዝም። ቤቱ ዝም። ሰዓቱ ሄደ። መንፈስ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው አይታችሁ ይሆናል፤ መንፈስ ቀረብኝ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ በሩን እየከፈተ ኮሪደሩን የሚያይ ሰው ግን አንዳርጌ ብቻ ነው።

አርብ ጠዋት ሐመልማል ዓይኗ አብጦ መጣች። «ዛሬ ማታ እንግዶቹ ይገባሉ። ሠርጉ የለም ብዬ እነግራቸዋለሁ። ዮናስ አውቋል» አለች። አልጮኸችም። ዮናስ ጓዳ ውስጥ ሊጥ ያቦካል፣ አንገቱን ቀና አያደርግም። አንዳርጌ ልቡ ተሰበረ። እሺ እንዳይል፣ ሽማግሎቹን አሰናብቶ ሽማግሎቹ በሌሉበት እንዴት ይመርቃል? የቆመለትን ሰው ፊት ሳያይ መስጠት ለርሱ ልጁን በመስኮት እንደ ማውጣት ነው። ወደ ወይዘሮ ሄልጋ ሄደ። ሐመልማልን አስተርጉሚ አላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሰዎች ለቁም ነገር መጡብኝ እንበል። ተመልሳችሁ ኑ አልኳቸው። አልመጡም። ለምን ይመስልዎታል?»

ወይዘሮ ሄልጋ ሰሃን መወልወሏን አቆመች። «በስንት ሰዓት ኑ አሏቸው?»

«ሰዓትማ አልነገርኩም። ተመልሳችሁ ኑ ነው ያልኩ።»

«በየትኛው ቀን?»

«ቀንም የለውም። ተመልሳችሁ ኑ!»

ወይዘሮ ሄልጋ በሐዘን አየችው። «እንዲህማ ከሆነ አይመጡም» አለች። «በእኛ ዘንድ ቀንና ሰዓት ያልተነገረው ሰው፣ አትምጣብኝ ተብሎ በትሕትና ተሰናበተ ማለት ነው። ምስኪኖች፣ በጣም አዝነው ነው የሄዱት።»

አንዳርጌ ጭንቅላቱን ያዘ። እኛ አገር ተመልሳችሁ ኑ ማለት እሺ ልል ነው ማለት ነው! ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። ለእነዚያ ግን ደጁን ዘግቶባቸዋል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወጣ፣ ኮንራድ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ!» አለ ጮክ ብሎ። «አላወቅሁም። ዛሬ ማታ ኑ። የሰዓት አቆጣጠራችን አንድ አይደለምና በደወሉ ላስረዳዎ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ዘጠኝ ጊዜ ሲመታ። ዛሬ! አርብ! ዘጠኝ ጊዜ!» ጣቶቹንም ዘጠኝ አድርጎ አሳየ። በደረጃው የምትወርድ አንዲት እንግዳ ሴት ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ አለፈችው።

ማታ ከቁርስ ቤቱ ሦስት ወንበር አንድ በአንድ ተሸክሞ ሰባት ቁጥር አገባ። ላግዝህ ያለውን ሁሉ ከለከለ። ታጠበ፣ ተላጨ፣ ጋቢውን ደረበ። ታች እንግዶቹ እየተሰበሰቡ ነው፤ ሐመልማል ልትነግራቸው ነው። ደወሉ ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ደረጃው ዝም አለ። አራት። አምስት። ስድስት። አሁንም ዝም። አንዳርጌ ላቡ መጣ። ሰባት። ስምንት።

ዘጠኝ!

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አልቀደሙ፣ አልዘገዩ። የዚያ አገር ሰው ሞቶም ሰዓት ያከብራል።

ገቡ። ቆሙ። አንዳርጌ «ቁጭ በሉ» አለ። ኮንራድ ራሱን ነቀነቀና ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ አንዳርጌ አያውቅም፤ ብቻ ገብቶታል።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ልጄን ማንን አምኜ ልስጣችሁ? ለልጁ ዋሱ ማነው?» አለ አንዳርጌ። እንዲህ ነው የሚባለው።

ወጣቱ ወደ ፊት መጣ። «እኔ አባቱ ነኝ» አለ። «ዋስ እንዳልሆነው ሳላሳድገው ሄድኩ። እርስዎ አባት ይሁኑት።»

አንዳርጌ አለቀሰ። ለእኔ ሲነግረኝም አለቀሰ። አርባ አንድ ጊዜ ሲሸመግል እንዲህ ያለ ቃል አልሰማም። «እሆነዋለሁ» አለ። «እሆነዋለሁ። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። አሁን በሉ ቁጭ በሉ፣ ደከማችሁ!»

አንደኛው ወንበር ጢጥ አለ። ሁለተኛው ጢጥ አለ። ሦስተኛውም ጢጥ አለ። አንዳርጌ ተነሥቶ መረቀ። ውለዱ ክበዱ አለ፤ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ አለ፤ እርጅናችሁ በአንድ ትራስ ይሁን አለ። በየመሀሉ ሦስቱ «አሜን» ይላሉ። አሜን በሁሉም አገር አሜን ነው።

ሐመልማል እንግዶቹ ፊት ከመቆሟ በፊት አባቷን ልታየው ደረጃውን ወጥታ ነበር። ከበሩ ውጭ የሦስት ወንዶች አሜን ሰማች። በሩን በረገደችው። አባቷ ብቻውን ቆሟል። ሦስት ባዶ ወንበር ከፊቱ አለ።

«አባዬ፣ ማን ነበር?»

«ወገኖቹ መጥተው ነበር። ጠየቁኝ፣ ሰጠሁ። መርቄሻለሁ፤ ሂጂና ያን ልጅ ከጓዳ ጥሪው፣ ዳቦው ይረር!»

ሐመልማል ወንበሮቹን አየች። አንዱ ርሷል። አንዱ ላይ ዱቄት አለ። ሦስተኛው ላይ ምንም የለም፤ እጇን ስታሳርፍበት ግን ሰው ገና እንደ ተነሣበት ሞቅ ይላል። ከዚያ ምን ሆነች? እየጮኸች በደረጃው ወረደች። በደስታ ይሁን በፍርሃት እሷም አታውቀውም። ቅዳሜ ተጋቡ። አንዳርጌ ከወይዘሮ ሄልጋ ጋር ጨፈረ፣ ወገቡን ያዘው። ከሙሽሮቹ ጎን ሦስት ወንበር ባዶ ይቀመጥ ብሎ ሲያዝዝ ለምን ያለው የለም። ዮናስ ብቻ መጥቶ ከሦስተኛው አጠገብ ለብዙ ጊዜ ቆመ።

ይኸው ነው። እንግዲህ በምሽት ብቻችሁን አትሂዱ አልላችሁም። ኮፍያውን ያነሣላችሁ ካለ ተከተሉት፣ ምናልባት ሆቴሉን ያውቀው ይሆናል። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። ሰው ደጃችሁ ቆሞ ወንበር እምቢ ካለ ለምን እንደ መጣ ጠይቁት። መልስ ካልደረሰላችሁም ቀኑን ቁረጡለት።

አያ ሙሉነህ፣ ባለፈው እሑድ ለልጅህ የመጡትን ሽማግሎች ተመልሳችሁ ኑ ብለህ ሰደድካቸው አሉ። መቼ ብለህ ቀጠርካቸው? ሰዓት ተናገርክ? ቀን ተናገርክ?

አልቀጠርካቸውም አይደል?

ቆይ። ቆይ እስቲ። በሩን ማን ከፈተው? አንቺ ነሽ? አንተ ነህ? ያ ክፍት አድርጉት ያልኳችሁ ቦታ ላይ የቆሙት እነማን ናቸው? አትጩኹ፣ እንግዳ ነው! ወንበር ስጧቸው።

እምቢ አሉ?

አያ ሙሉነህ፣ ተነሥ። ያንተ ናቸው።